ነጥባችንን እንጻፍ ወይስ እንተው?

ርእሰ አንቀጽ

የመመረቂያው ወር በተቃረበ ቍጥር በግቢያችን ውስጥ ከማናቸውም ወረቀት በላይ የሚከበር አንድ ወረቀት አለ። ይኸውም ሲቪ የምንለው የትምህርትና የሥራ ታሪክ ወረቀት ነው። በቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ፣ በሻይ ቤቱ ጠረጴዛ፣ በመኝታ ክፍሉ አልጋ ላይ ሁሉ ይኸው ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይታያል። አንዱ የጓደኛውን ይገለብጣል፤ ሌላው ከታላቅ ወንድሙ የወረሰውን ስሙን ብቻ ለውጦ ያሳትማል። ስለ ፎቶግራፉ፣ ስለ ፊደሉ መጠን፣ ስለ ገጹ ብዛት ብዙ ይባላል። ባለፉት ሳምንታት ግን ከሁሉም የበለጠ ክርክር ያስነሣው አንድ መሥመር ነው፤ እርሱም የብሔራዊ ፈተና ነጥብ የሚሰፍርበት መሥመር። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ነጥብ፣ የመውጫ ፈተና ነጥብ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ለሚያመለክትም የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ነጥብ በሲቪ ላይ ይጻፍ ወይስ ይተው?

«ይህም ነገር ሆኖ ርእሰ አንቀጽ ይጻፍበታልን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኛም መጀመሪያ እንዲሁ ብለን ነበር። ነገር ግን ለአንድ የጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛ ቦታ ብዙ ማመልከቻ በሚቀርብበትና አንባቢው ለእያንዳንዱ ወረቀት ጥቂት ደቂቃ ብቻ በሚሰጥበት በዚህ ጊዜ፣ አንዲት መሥመር ሰውን ከክምሩ ታነሣዋለች፤ ወይም ከክምሩ ሥር ታስቀረዋለች። ይልቁንም ከገጠርና ከትንንሽ ከተሞች ለመጣን ተማሪዎች ጕዳዩ የእንጀራ ጕዳይ ነው። ከተማ ውስጥ ስልክ ደውሎ «የእኔን ልጅ እይልኝ» የሚልልን አጎት የለንም። የሚናገርልን ወረቀታችን ብቻ ነው።

ነገሩን ወደ ዝግጅት ክፍላችን ያመጣው አንድ ምሽት ነው። የንግድ ሥራና የኢኮኖሚክስ ተመራቂዎች ሲቪያቸውን እርስ በርሳቸው ለመተራረም በተሰበሰቡ ጊዜ የሁለት ተማሪዎች ወረቀት ጎን ለጎን በእጃችን ገባ። አንደኛው በትልቅ ከተማ ያደገ ወንድማችን ነው። ከስሙ ቀጥሎ፣ ከአድራሻውም በፊት፣ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል አማካይ ውጤቱን 74 ብሎ በደማቅ ፊደል አስፍሯል። ከዚያ በታች ያለው ገጽ ግን ባዶ ነው ለማለት ይቻላል። ሁለተኛዋ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ የሆነች የኮላ ድባ ልጅ ናት። በእርስዋ ወረቀት ላይ ምንም ዐይነት የፈተና ነጥብ የለም።

«እኅታችን፣ ነጥብሽን ለምን ተውሽው?» ብለን ጠየቅናት።

«ኧረ ተዉኝ! እሱ ሰባ አራት ጽፎ እያየሁ እኔ ሃምሳ ስምንት ብዬ ልጻፍ?» አለችና ወረቀቷን ልትቀበለን እጇን ዘረጋች።

«የተፈተንሽው መቼ ነው?»

«የ2014ቱን። ጥቅምት 2015 ጎንደር መጥተን፣ ግቢ ገብተን የተፈተንነውን።»

አንባብያን የዚያን ዓመት ፈተና ታስታውሳላችሁ። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ የተሰጠበት ዓመት ነበር። ከዚያ አስቀድሞ ፈተና እየሾለከ መልሱ በየስልኩ ሲዞር ስለ ነበር፣ ነጥብ የሚባለው ነገር በሰው ዘንድ ያለው እምነት ተመናምኖ ነበር። የደንቢያ ሜዳ ልጅም እንደ ሌላው ሁሉ ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ፣ በአዘዞ በኩል ጎንደር ገብቶ፣ በማያውቀው መኝታ እያደረ፣ በማያውቃቸው ፈታኞች ፊት ተቀመጠ። ውጤቱ በጥር 2015 በተነገረ ጊዜ ወደ 900,000 ከሚጠጉት ተፈታኞች ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 30,000 አልሞሉም፤ ከመቶ 3.3 ማለት ነው። አንድ ተማሪ እንኳ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,100 በላይ ነበሩ።

እንግዲህ እኅታችን ያፈረችበት 58፣ ከመቶ ተፈታኞች መካከል ከፊተኞቹ ሦስትና አራት ሰዎች ጋራ የሚያሰልፋት ነጥብ ነው። ይህንን ስንነግራት ጥቂት ዝም አለችና «እሺ፤ ይህንን እናንተ አወቃችሁ። የሚቀጥረኝ ሰው በምን ያውቀዋል? ወረቀቱ ላይ የሚታየው 58 ብቻ ነው» አለች። ይህን ርእሰ አንቀጽ ያጻፈን ይህ ቃሏ ነው።

ዳኛ ፊት የሚቆም ምስክር ስሙን፣ ዕድሜውን፣ አድራሻውን፣ ያየውንም ቀንና ቦታ ይናገራል። ስሙንና ቦታውን ሳይናገር «ሃምሳ ስምንት» ብሎ የሚወርድ ምስክር ለማንም አይጠቅምም። የፈተና ነጥብም እንዲሁ ነው። መቼ እንደ ተፈተንን፣ ከስንት እንደ ተቈጠረ፣ በዚያ ዓመት ሌላው ሰው እንዴት እንደ ሆነ ካልተናገረ፣ ከፍ ያለውም ነጥብ ያሳስታል፤ ዝቅ ያለውም ነጥብ ያሳስታል።

በአገራችን ነጥብ ከሰው ስም ጋራ ተጣብቆ መኖር የጀመረው ዛሬ አይደለም። ወላጆቻችንና መምህሮቻችን «ማትሪክ» ይሉት የነበረው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መልቀቂያ ፈተና በ1940ዎቹ ተጀምሮ እስከ 1990ዎቹ ድረስ የብዙ ወጣቶችን ዕድል ሲቈርጥ ኖሯል። ውጤቱ በፊደል ተሰጥቶ የአምስት ትምህርት አማካይ ከ4 ይቈጠር ነበር። «ማትሪክ ስንት መጣልህ?» የሚለው ጥያቄ በሠርግ ቤትም በለቅሶ ቤትም ይነሣ ነበር። አንድ መምህራችን ሲያጫውቱን «ሁለተኛ ዲግሪ ይዤ፣ ልጆች አሳድጌ፣ ዛሬም የድሮ ጓደኛዬ ባገኘኝ ቍጥር የሚያነሣብኝ በሒሳብ ያገኘኋትን ሲ ነው» ብለው አሳቁን። በሳቁ ውስጥ ግን ቁም ነገር አለ። የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሠራው ሥራ እስከ ሽበት ድረስ ይከተለዋል።

ማትሪክ ሲቀር የዐሥረኛና የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዎች ተተኩ፤ ኋላም የዐሥረኛው ቀረ። ከ2015 ወዲህ የመውጫ ፈተና በመላው አገር ተጨመረ። በ2016 ደግሞ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚያመለክት ሁሉ የሚወስደው ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና መጣ። ስለዚህ ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚቀጥሩት ሰዎች ራሳቸው ልዩ ልዩ መስፈሪያ የለመዱ ናቸው። ኀላፊው 3.2 ከ4 ሲባል ይገባቸዋል፤ ምክትላቸው ከመቶ ማሰብ ለምደዋል። እኛ ደግሞ ድምሩን እንጽፍላቸዋለን። በ2015ና በ2016 ፈተናዎች የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ የተቈጠረለት ከ700፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ የተቈጠረለት ከ600 ነበር። «430» ብሎ ብቻ የጻፈ ሰው ከ600 ከሆነ ከመቶ ወደ 72 ያኽል አግኝቷል፤ ከ700 ከሆነ ግን ከ61 ብዙም አያልፍም። ቍጥሩ አንድ ሲሆን ሰዎቹ በዐሥር ነጥብ ይራራቃሉ።

ዓመቱም እንደዚሁ ነው። ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት ተፈታኞች በ2014 ፈተና ከመቶ 3.3፣ በ2015 ከመቶ 3.2፣ በ2016 ከመቶ 5.4፣ በ2017 ከመቶ 8.4 ነበሩ። በ2015 ሐምሌ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ከወሰዱት 150,000 ያኽል ተማሪዎች ያለፉት ወደ 61,000 ነበሩ። ይህንን የሚያውቅ ቀጣሪ ስንት አለ? እኛስ ራሳችን ስንቶቻችን እናውቃለን? የኮላ ድባዋ እኅታችን የገዛ ነጥቧን ዋጋ ሳታውቅ ሦስት ዓመት ኖራለች።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። «ይጻፍ» የሚሉት ወገኖች አንድ ብርቱ ምክንያት አላቸው። የዩኒቨርሲቲ አማካይ ውጤት ከመምህር መምህር፣ ከግቢ ግቢ ይለያያል። በአንዱ ዘንድ ኤ እንደ ዝናም ይወርዳል፤ በሌላው ዘንድ ሲ ያገኘ ሰው ድግስ ይደግሳል። ብሔራዊ ፈተና ግን በአንድ ዓመት ለተፈተነው ሁሉ ያው ወረቀት ነው። የአዲስ አበባውም የኮላ ድባውም ልጅ ለአንድ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ስለዚህ ዘመድ ለሌለው ሰው ዘመዱ ነጥቡ ነው ይላሉ። ይህ አነጋገር ውሸት የለበትም። በትውውቅ መቀጠር በሚታማበት አገር፣ ማንም ሊክደው የማይችል ቍጥር በእጅ መያዝ ቀላል ነገር አይደለም።

«አይጻፍ» የሚሉት ደግሞ እንዲህ ይላሉ፦ ፈተናው የጥቂት ቀናት ሥራ ነው፤ መልሱም ከተሰጡት ምርጫዎች አንዱን ማጥቆር ነው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ ይህም በቤቱ መጽሐፍ ያለው ልጅና የሌለው ልጅ እኩል የሚይዙት ቋንቋ አይደለም። ከዚህም በላይ የእኛ አገር ልጆች የተማሩበትን ጊዜ አስቡ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ እስከ ዳባት ድረስ መጥቶ ነበር። ከ2015 ነሐሴ ወዲህም በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ተማሪው መንገድ ተዘግቶበት፣ መምህሩ ተሰድዶበት፣ መጽሐፉን በቤቱ ሲያነብ የኖረ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ የተገኘን ነጥብ ሰላም አግኝቶ ከተማረ ሰው ነጥብ ጎን ማስቀመጥ፣ እግሩ የታሰረውን ከልቅ ፈረስ ጋራ ማሽቀዳደም ነው ይላሉ። ይህም እውነት ነው።

ሁለቱም እውነት ከሆኑ እንግዲህ ወዴት እንሂድ? መልስ ከመስጠታችን በፊት ይህ ጥያቄ በሌላው ዓለም እንዴት እንደ ታየ መመልከት ይጠቅማል፤ ከመካከላችንም ለንግድ ሥራ ትምህርት ወደ ውጭ አገር ለማመልከት የሚያስቡ አሉና።

በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች ወደ ንግድ ሥራ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት የሚገቡ ሰዎች ጂማት የሚባለውን ፈተና ይወስዳሉ። ፈተናው እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ሲሰጥ የኖረ ነው። ነጥቡ ለብዙ ዘመን ከ200 እስከ 800 ይሄድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በወጣው አዲሱ ፈተና ግን ከ205 እስከ 805 ሆነ። ሁለቱ አይመሳሰሉም። በአዲሱ 645 ያገኘ ሰው በድሮው 700 ካገኘው ጋራ በአንድ ደረጃ ይቆጠራል። ስለዚህ 645 ብሎ ብቻ የጻፈ አመልካች፣ አንባቢው የድሮውን መስፈሪያ የለመደ ከሆነ፣ የራሱን ነጥብ በገዛ እጁ ዝቅ አደረገ ማለት ነው። በኮላ ድባ ልጅ ላይ የደረሰው በሰለጠነው ዓለም ሰው ላይም ይደርሳል። የጂማት ነጥብ አምስት ዓመት ብቻ ይጸናል፤ ለሚያመለክቱበት ትምህርት ቤትም ነጥቡ በቀጥታ ከፈታኙ ድርጅት ስለሚላክ በሲቪ ላይ መድገሙ ብዙ አይጨምርም። አንዳንድ የአማካሪነትና የገንዘብ ድርጅቶች ግን ሲቀጥሩ ነጥቡን ስለሚጠይቁ ለእነዚያ ይጻፋል። ሥርዐቱ ግልጽ ነው፤ ለማን እንደምትጽፍ እወቅ፣ ከጠየቀህ ንገረው።

ሌላም ትምህርት አለ። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የመግቢያ ፈተና ነጥብ ማቅረብ በአመልካቹ ፈቃድ ይሁን አሉ። አሳቡ ድኻውን ለመርዳት ነበር። ዳርትማውዝ የሚባለው ታዋቂ ኮሌጅ ግን ነገሩን አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2024 ፈተናውን መልሶ አስገዳጅ አደረገ። ምክንያቱም ከድኻ ቤተ ሰብና ከደካማ ትምህርት ቤት የመጡ ልጆች፣ ነጥባቸው ከታወቁት ትምህርት ቤቶች ልጆች ነጥብ ያነሰ መስሏቸው ሲደብቁት ተገኙ። ኮሌጁ ግን ያንኑ ነጥብ ቢያየው ኖሮ፣ ከመጡበት ትምህርት ቤት አንጻር አመዛዝኖ ሊቀበላቸው የሚችል ነበር። የሚጠቅማቸውን ምስክር ራሳቸው ከችሎቱ አስወጡት። በአሜሪካ ገጠር ያለው ልጅና በደንቢያ ሜዳ ያለችው ልጅ ሳይተዋወቁ አንድ ስሕተት ሠርተዋል።

ስለዚህ የዝግጅት ክፍላችን አቋም ይህ ነው፦ ነጥብ ይጻፍ፤ ነገር ግን ብቻውን አይጻፍ። እንደሚከተለው እናብራራዋለን።

አንደኛ፣ ማስታወቂያው ነጥብ ከጠየቀ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መጻፍ ግዴታ ነው። 49.6 ያገኘ ሰው 50 ብሎ አይጽፍም። ስንት ዓመት የደከምንበት ዲግሪ በአንድ የተጨመረች ነጥብ ምክንያት እንደ ሐሰተኛ ማስረጃ ሊቈጠርብን ይችላል። ማስረጃ በሚመረመርበት በዚህ ጊዜ፣ ወረቀት ማመሳከር ቀላል መሆኑን መርሳት የለብንም።

ሁለተኛ፣ ማስታወቂያው ባይጠይቅም፣ ነጥቡ ሌላው ገጽ የማይናገረውን ነገር የሚናገር ከሆነ ይጻፍ። ሲጻፍም የፈተናው ስም፣ የተሰጠበት ወርና ዓመት፣ ከስንት እንደ ተቈጠረ አብሮ ይጻፍ። የዚያ ዓመት አገራዊ ውጤት ለነጥቡ ክብደት የሚሰጠው ከሆነ እርሱም በአጭሩ ይጨመር። ይህ ሁሉ ከአንድ መሥመር አይበልጥም።

ሦስተኛ፣ ቦታው በትምህርት ክፍሉ ሥር ነው። ከስም ቀጥሎ በራስጌ አይሰቀልም። 74 ያገኘው ወንድማችን ጎበዝ ነው፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ከነጥቡ በታች ባዶ ገጽ ሲታይ አንባቢው «ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ምን ሲሠራ ኖረ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ትልቅ ነጥብ ትልቅ ጥያቄ ይጠራል።

አራተኛ፣ የመውጫ ፈተናን በሚመለከት፣ ማስታወቂያው «ያለፈ» ብሎ ብቻ ከጠየቀ «አልፌአለሁ» ማለት ሙሉ መልስ ነው። ከፍ ያለ ነጥብ ያለው ነጥቡን ይጨምር፤ 51 ያለው ግን ማለፉን በመናገሩ አንድም ሰው አላታለለም።

አምስተኛ፣ ሁለት ሦስት ዓመት ሥራ ከሠራን በኋላ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ነጥብ ከወረቀታችን ይውጣ። በሥራው የታወቀ ሰው የልጅነት ነጥቡን ሲቈጥር መኖር የለበትም። የመምህራችን ሲ እዚህ ላይ ይብቃት።

አሁን ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይመጣል። ነጥቡ በእውነት ዝቅተኛ የሆነ ተማሪስ? ከ2015 ጀምሮ ግማሹን ሳያገኙ ቀርተው በማካካሻ ትምህርት አልፈው ዩኒቨርሲቲ የገቡ ብዙ ጓደኞች አሉን። ከእነርሱ አንዱ «እናንተ ስለ 58 ትጽፋላችሁ፤ እኔ 38 ነኝ። ብጽፈው እወድቃለሁ፤ ብተወው ደበቀ እባላለሁ» አለን። ለዚህ ወንድማችን በጥርጥር ሳይሆን በሙሉ ልብ የምንመልሰው ይህን ነው፦ ካልተጠየቅህ አትጻፈው። ዝም ማለትና መዋሸት አንድ አይደሉም። ሲቪ የኑዛዜ ወረቀት አይደለም፤ ማንም ሰው ድክመቱን ሁሉ ዘርዝሮ እንዲያቀርብ አልተጠየቀም። ደግሞም አንተ ከዚያ ነጥብ በኋላ የማካካሻውን ፈተና አልፈሃል፤ ኮርሶችህን ጨርሰሃል፤ የመውጫ ፈተናንም እግዚአብሔር ቢፈቅድ ታልፋለህ። የኋለኛው ምስክር ስለ ዛሬው አንተ ከፊተኛው ይልቅ ያውቃል። ነገር ግን ቀጣሪው በቃለ ምልልስ ከጠየቀህ ቀና ብለህ «38 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ይህንን አድርጌአለሁ» በለው። ይህንን የሚል ሰው የምናስበውን ያኽል አይናቅም።

ነጥብ ብቻ የሰው መስፈሪያ እንዳይሆን የምንለው ከዘመን ያመጣነው አዲስ አሳብ አይደለም። የኮላ ድባን ስም ባነሣን ጊዜ ልናስታውሰው የሚገባ ታሪክ በደጃችን አለ። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ ሜዳ ላይ የወባ ወረርሽኝ ወድቆ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥሩ እርሱ ነው። ኮሌጁ ተማሪዎቹን በክፍል ውስጥ ብቻ ፈትኖ አላስመረቀም። የጤና መኰንኑን፣ ነርሷንና የአካባቢ ጽዳት ባለሙያውን በአንድ ቡድን አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያ ልኮ በሕዝቡ መካከል አሠራቸው። ከእነዚያ መለማመጃ ጤና ጣቢያዎች አንዱ የኮላ ድባው ነበር። የተማሪው ነጥብ በመዝገብ ላይ ነበር፤ ሥራው ግን በገበሬው ጎጆ ታየ። ነጥብና ሥራ ጎን ለጎን እንዲቆሙ የሚያስተምረን ትምህርት ከሩቅ አገር መምጣት አላስፈለገውም።

ወደ እኅታችን ወረቀት እንመለስ። ነጥቧን ስንነጋገር ሌላም ያልጻፈችው ነገር ተገኘ። በሁለት ክረምት በአገሯ በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ፣ አባላቱ ያስረከቡትን ጤፍና ሽምብራ በመዝገብ ስታስገባ፣ ደረሰኝ ስትቈርጥ ከርማለች። «ይህንን ለምን አልጻፍሽም?» ብንላት «ያለ ደመወዝ ነው እኮ፤ ያገር ልጅ ስለ ሆንሁ ነው የረዳኋቸው» አለች። ወንድሞችና እኅቶች! የሒሳብ ሠራተኛ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት የኩንታል መዝገብ አስተካክላ የያዘችን ልጅ ካልፈለገ ማንን ሊፈልግ ነው? ከነጥቧ ይልቅ የቀጣሪውን ዐይን የሚይዘው ይህ ሊሆን ይችላል። እርስዋ ግን ሁለቱንም ምስክሮቿን ቤት አስቀርታ ባዶ እጇን ልትከራከር ነበር።

ለመምህሮቻችን አንድ ልመና አለን። የድጋፍ ደብዳቤ ስትጽፉልን «ትጉህ ተማሪ ነው» ብቻ ብላችሁ አትለፉን። ከየት እንደ መጣን፣ በምን ሁኔታ እንደ ተማርን፣ ከክፍላችን ውስጥ ወዴት እንደ ነበርን ሁለት ዐረፍተ ነገር ጨምሩልን። እኛ ስለ ራሳችን ብንጽፈው ጕራ ይመስላል፤ እናንተ ብትጽፉት ግን ምስክርነት ነው።

ለቀጣሪዎችም፣ ይህች ወረቀታችን በእጃቸው ከደረሰች፣ የምንለው አለን። ነጥብ መቍረጫ ካላችሁ በማስታወቂያው ላይ ጻፉት። ያልተጻፈ መቍረጫ ድኻውን ያስከፍላል። ከኮላ ድባ ጎንደር የሚመጣ አመልካች የመኪና ይከፍላል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ማስረጃውን ፎቶ ኮፒ ያስደርጋል፤ ቀኑ ከመሸበት ያድራል። በልባችሁ ባለ ቍጥር የምትጥሉት ከሆነ አስቀድማችሁ ብትነግሩት ያንን ገንዘብ ለሌላ ማመልከቻ ያውለዋል። መቍረጫ ስታወጡም ዓመቱን አመዛዝኑ፤ የ2014ንና የ2017ን ተፈታኝ በአንድ ወንፊት አትንፉ።

ማኅበራችን ደግሞ ከማውራት ያለፈ ነገር ሊሠራ ይገባዋል። አንድ የሲቪ አብነት አዘጋጅቶ፣ የየዓመቱን አገራዊ ውጤትና የነጥቡን መስፈሪያ በአንድ ገጽ አባዝቶ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍልን። ተመራቂ ያልሆናችሁም ብትሆኑ አንብቡት፤ ተራችሁ ነገ ነው። ዝግጅት ክፍላችንም ወረቀቱን ለማጻፍና ለማባዛት እጁን ይሰጣል።

ያን ምሽት ከመለያየታችን በፊት ሁለቱም ተማሪዎች ወረቀታቸውን አስተካከሉ። ወንድማችን 74ቱን ከራስጌ አውርዶ በትምህርት ክፍሉ ሥር አስቀመጠውና በባዶው ቦታ ላይ ለተግባር ልምምድ በወጣበት ጊዜ የሠራውን አሰበና ጻፈ። እኅታችንም ስለ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሦስት መሥመር ከጨመረች በኋላ በትምህርት ክፍሉ ሥር እንዲህ ስትል አሰፈረች፦ «የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፣ ጥቅምት 2015፣ አማካይ 58 ከ100። በዚያ ፈተና 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ነበሩ።»

ካነበበችው በኋላ «አሁንስ እኔን ይመስላል» አለች። የየራሳችን ወረቀት እኛን እስኪመስል ድረስ እናስተካክለው። መልካም የምረቃ ዓመት ይሁንልን።

የዝግጅት ክፍሉ